የሚጮኽ ኮምፒዩተር አቤቱታ አለው

ፀጥታ ዋጋው የሚታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው። በላሊበላ ከተማ፥ በተለይም እኔ በምኖርበት ሠፈር፥ ከአሸተን ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ፥ አልፎ አልፎ የሚሰማው የውሻ ጩኸትና በበዓላት ሌሊት ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሚፈልቀው የማኅሌት ድምፅ ካልሆነ በቀር፥ ሌሊቱን ጆሮ የሚያውክ ነገር ብዙ የለም። ስለዚህ በዚህ ፀጥታ መካከል አንድ ባዕድ ጩኸት ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ይህን ባዕድ ጩኸት ያስገባሁት፥ ለማፈር ያህል ልናገርና፥ እኔው ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመምህርነት ደመወዜ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሜ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ገዛሁ። ማታ ማታ የፊዚክስ ፈተናና ማስታወሻ እጽፍበት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጧት አከራዬ በር ላይ ጠብቀው አቆሙኝ።

«መምህር፥ ሌሊቱን ወፍጮ አስገባህ እንዴ ልጄ?»

«የለም እትዬ፥ ኮምፒዩተር ነው» አልኋቸው።

«ታዲያ ምን ይፈጫል?»

«የፈተና ጥያቄ ነው የምጽፍበት።»

«እንግዲያው ጥያቄው ጠንካራ እህል ነው መሰለኝ» ብለው ከሣቁ በኋላ፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔስ ግድ የለኝም፤ ሸምግያለሁ፥ እንቅልፌም ጥቂት ነው። ልጅቱ ግን ማጥናት አቃታት» አሉኝ።

ልጅቱ የተባለችው የልጃቸው ልጅ ናት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን የምታጠናውም ከእኔ ክፍል ጋራ በአንድ ጭቃ ግድግዳ በሚለየው ክፍል ውስጥ ነው። ቀን በትምህርት ቤት «አጥኑ፥ ትጉ» እያልሁ የምመክራት መምህር፥ ሌሊት ደግሞ እንዳታጠና የማውካት ጎረቤት ሆኜ ተገኘሁ። ይህ ነገር ከልብ ከነከነኝ።

ነገር ግን የችኮላ መፍትሔ ከችግሩ ይብሳል። በዚያው ማታ አንድ ትልቅ ካርቶን አግኝቼ ኮምፒዩተሩን በውስጡ አስቀመጥሁትና በላዩ ላይ ባና ደረብሁበት። ጩኸቱ በእውነት ቀነሰ፤ እኔም በብልሃቴ ኮራሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ግን መኪናው ከበፊቱ ይልቅ በኃይል እያጓራ ሄደና በድንገት ድርግም ብሎ ጠፋ። ሳላስቀምጥ የጻፍኋቸው 40 የፈተና ጥያቄዎችም አብረው ጠፉ። በማግሥቱ ፈተናው ለማባዣ መድረስ ስለ ነበረበት፥ ቀሪውን ሌሊት በኩራዝ ሳይሆን በንዴት አበራሁት ማለት ይቻላል።

ውድ አንባቢዎቼ፥ ዛሬ በዚህ ዐምድ ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ ሌሊት የተማርሁትን ነው። የኮምፒዩተር ጩኸት በሽታው አይደለም፤ የበሽታው ምልክት ነው። የሚያለቅስ ሕፃን አፉን ቢይዙት ዝም አይልም፤ ለምን እንደሚያለቅስ መርምሮ መድኃኒቱን መስጠት ነው እንጂ።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር ለምን ይጮኻል? ኮምፒዩተር ከሶኬት የሚወስደው ኤሌክትሪክ በመጨረሻው ሁሉም ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 100 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር፥ እንደ ድሮው ባለ 100 ዋት አምፑል 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ይህ ሙቀት ካልወጣ መሣሪያው ራሱን ያቃጥላል፤ ወይም እንደ እኔው ራሱን ለማዳን ሲል ይጠፋል። ስለዚህ በውስጡ ፋን የምንለው ማራገቢያ ተገጥሞለታል። አንዱ በአንጎሉ፥ ማለት በፕሮሰሰሩ ላይ፥ ሌላው በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ፥ ሦስተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጀርባው በኩል ይገኛል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየውና ወደ 18,000 የሚጠጉ ቱቦዎች የነበሩት ኤኒያክ የተባለው የአሜሪካ ኮምፒዩተር እንኳ በትልልቅ ማራገቢያዎች እየቀዘቀዘ ነበር የሚሠራው።

በእኛ አገር ደጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋራ ሲመዛዘን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው አየር ስለ ሆነ፥ አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው ለተመሳሳይ ሥራ አብልጦ መሽከርከር ይኖርበታል። ደግነቱ የደጋ አየር ቀዝቃዛ ስለ ሆነ አንዱ ያጎደለውን ሌላው በከፊል ይክሰዋል። ነገር ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት የመንገዱ አቧራ፥ ከእሱም ጋራ የምድጃው ጢስ በመኪናው ውስጥ ሲገባ፥ ሁለቱ ተጣብቀው ሙቀት አውጪውን ብረት እንደ ስሜንት ይደፍኑታል። ያን ጊዜ ማራገቢያው የሚያራግበው አየርን ሳይሆን ግድግዳን ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የከተማችን የቋጥኝ ሥራ ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች አብያተ ክርስቲያናቱን ከላይ ወደ ታች ሲጠርቡ የክረምቱን ውኃ አልዘነጉም። የግቢውን ወለል አዘንብለው፥ ቦዩን ቀድደው ውኃው በራሱ የሚወጣበትን መንገድ አበጁለት። ውኃን ማገድ ሳይሆን መንገድ መስጠት ነበር ብልሃታቸው። የኮምፒዩተርም ሙቀት እንደዚሁ ነው። እኔ በባና አገድሁት፤ እሱም ፈተናዬን ይዞ ሄደ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ጆሮ ነው። መካኒክ የመኪና ሞተር ሲታመም የካቻቢቴውን ጫፍ በሞተሩ ላይ፥ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። እናንተ ግን በሚሽከረከር ፋን አጠገብ ብረት አታስጠጉ፤ አንድ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልላችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ጆሯችሁ፥ ሌላውን ከመኪናው ውጪ ወደሚጠረጠረው ክፍል አቅርቡት።

ድምፁ «ሹ...» የሚል የነፋስ ድምፅ ከሆነ ማራገቢያው በፍጥነት እየሄደ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀት ወይም አቧራ ነው። ጉርምርምታና ፍጭት ከሆነ የማራገቢያው መሽከርከሪያ ዘይቱ ደርቋል። ቆርቆሮ እንደሚንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ከሆነ አንድ ብሎን ላልቷል፤ ወይም የዲስኩ ንዝረት ወደ ቆርቆሮው ተላልፏል። «ቀጭ፥ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሃርድ ዲስኩ ከመጣ ግን ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታችሁ በዚያው ቀን ጽሑፋችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ዲስኩ ሊሞት ተቃርቧልና።

ማዳመጥ የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። ድምፅ እንደ ገንዘብ አይደመርም። እኩል የሚጮኹ ሁለት ማራገቢያዎች ከአንዱ የሚበልጡት በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጩኸቱ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት። ስለዚህ ከሦስቱ ማራገቢያ አንዱ የሚያጓራ ከሆነ፥ ሁለቱን ዝምተኞች ብትጠግኑ ምንም ለውጥ አይሰማችሁም። አስቀድማችሁ ዋናውን ጯሂ ያዙ።

ሁለተኛው ሥራ አቧራውን ማውጣት ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ከዚያም በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጫኑ። በቀን ብርሃን ወደ ውጭ አውጥታችሁ የጎኑን ክዳን ክፈቱ። ለስላሳና ደረቅ የቀለም ብሩሽና የብስክሌት ፖምፓ ካላችሁ መሣሪያው ሙሉ ነው። በብሩሹ አቧራውን እያላቀቃችሁ በፖምፓው አባርሩት። ነገር ግን በምትነፉበት ጊዜ የማራገቢያውን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት፤ በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። እርጥብ ጨርቅ አታስገቡ። እኔ ይህን ባደረግሁበት ቀን ከአንጎሉ ማቀዝቀዣ ላይ የወጣው አቧራ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ አከራዬም አይተው «ይህንስ ፈትሎ ነጠላ ማሠራት ይቻላል» አሉኝ።

ፓወር ሳፕላዩን ግን ፈጽሞ አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቆያል። ከውጪ በወንፊቱ በኩል በብሩሽና በነፋስ ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል። እሱ ራሱ የሚያጓራ ከሆነ ወደ ሠለጠነ ጠጋኝ ውሰዱት ወይም ለውጡት።

ሦስተኛው ሥራ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለውን ቅባት ማደስ ነው። ይህ ቴርማል ፔስት የሚባለው ቅባት ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቅና ሙቀቱን ማስተላለፍ ያቅተዋል። አሮጌውን በጥጥና ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል በጥንቃቄ ጠርጋችሁ፥ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት በመካከሉ ላይ አድርጋችሁ ማቀዝቀዣውን መልሳችሁ እሠሩት። ማብዛት አይጠቅምም። የጥርስ ሳሙና ይተካዋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። ሳሙናው በጥቂት ቀን ደርቆ ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል። ከምንገዛቸው ነገሮች ሁሉ ዋጋው ቀላል ጥቅሙ ግን ከባድ የሆነው ይህ ትንሽ ቅባት ነው፤ በከተማችን ካልተገኘ ከወልድያ ወይም ከደሴ የሚመጣ ሰው ማስላክ ይቻላል።

አራተኛው ሥራ የሚያጓራውን ማራገቢያ ማለዘብ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ማራገቢያዎች በመካከላቸው የተለጠፈ ክብ ወረቀት አላቸው። ወረቀቱን በቀስታ ስታነሡት፥ በአንዳንዱም ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የላስቲክ ክዳን ስታወጡ፥ የመሽከርከሪያው ጫፍ ይታያል። በዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ፤ ጥቂት ጊዜ በእጃችሁ አሽከርክሩትና ጠርጋችሁ ወረቀቱን መልሱ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ቆይቶ እንደ ማስቲካ ይጣበቃልና። በእርግጥ ይህ ጊዜያዊ መድኃኒት ነው፤ ጥቂት ወራት ያገለግላል፤ እስከዚያው ድረስ ግን የአዲስ ማራገቢያ ገንዘብ ማጠራቀም ይቻላል።

አምስተኛው ሥራ ንዝረቱን ማቋረጥ ነው። አብዛኛው የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፥ ማለት በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ዲስኩ ብቻውን ብዙ አይሰማም፤ ነገር ግን በቆርቆሮው ላይ ሲታሠር ቆርቆሮው በሙሉ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ቆርቆሮው በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ጠረጴዛው ሁለተኛ ከበሮ ይሆናል። መከራው የሚያበቃው በጥቂት ላስቲክ ነው። ከተጣለ የብስክሌት ካላማዳሪያ ትንንሽ ቀለበቶች ቆርጣችሁ በዲስኩ ብሎኖችና በቆርቆሮው መካከል አስገቡ። ከአሮጌ የስፖንጅ ነጠላ ጫማ ደግሞ አራት እግሮች ቆርጣችሁ ከሥሩ አድርጉለት። እኔ ካደረግሁት ሁሉ አከራዬ ወዲያው የሰሙት ለውጥ ይህ ነበር፤ በግድግዳው በኩል የሚያልፈው ከነፋሱ ድምፅ ይልቅ ይህ ወፍራም ጉርምርምታ ነውና። ጠረጴዛውንም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅሁት፤ ይህ ደግሞ አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም።

ስድስተኛው ሥራ በመኪናው ውስጥ ባለው ማስተካከያ የሚደረግ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባዮስ በሚባለው ገጽ ውስጥ የማራገቢያ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ካለ፥ እንደ ሙቀቱ መጠን እንዲሽከረከር አድርጉት። የማራገቢያን ፍጥነት ከአምስት አንድ እጅ ስትቀንሱ ነፋሱ በዚያው መጠን ብቻ ይጎድላል፤ ጩኸቱ ግን 5 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ይህም በጆሮ በግልጽ የሚለይ ነው። በዊንዶውስ ደግሞ በኃይል አጠቃቀም ማስተካከያው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ጉልበት 100 ከመቶ ከሆነ ወደ 99 ወይም ከዚያ በታች ዝቅ አድርጉት። በብዙ ኮምፒዩተሮች ይህች አንዲት ቁጥር ፕሮሰሰሩ ለጥቂት ጊዜ ከልክ በላይ እንዳይሮጥ ትከለክለዋለች። ፈተና ለመጻፍ የሚያስፈልገን የእርሻ በሬ ነው እንጂ የጉግስ ፈረስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ገንዘብ ከተረፋችሁ፥ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለውን የማይሽከረከር ዲስክ ግዙ፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ፈጽሞ ድምፅ የለውም፤ አሮጌውንም ኮምፒዩተር ያፈጥነዋል። ቀጥሎ ሣጥኑ የሚቀበል ከሆነ ባለ 80 ሚሊሜትሩን የጀርባ ማራገቢያ በባለ 120 ለውጡ። የሁለተኛው ስፋት ከመጀመሪያው ከሁለት እጥፍ ስለሚበልጥ፥ ያንኑ ያህል አየር በዝግታ ያንቀሳቅሳል። በዝግታ የሚሄድ ደግሞ አይጮኽም።

ከጥገናው በኋላ ጥበቃ ይከተላል። ኮምፒዩተሩን በወለል ላይ አታስቀምጡ፤ አቧራው ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ነውና። ከጀርባው አንድ ስንዝር ያህል አየር የሚወጣበት ቦታ ተዉለት። አየር በሚገባበት በኩል የአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ ወጥራችሁ ብትለጥፉ አቧራውን ያጣራል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ካላራገፋችሁት እሱው ራሱ ደፋኝ ይሆናል። ክዳኑን ከፍቶ መተው ደግሞ መፍትሔ የሚመስል ስሕተት ነው፤ ጩኸቱም አቧራውም ይበዛል።

አሁን ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤት ልውሰዳችሁ፤ ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚያ ነውና። በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ እኩል የሚጮኹ አሥር ኮምፒዩተሮች ሲበሩ፥ ጩኸቱ ከአንዱ በ10 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ለጆሮ እጥፍ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ያለው ሌላ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የመምህሩም ድምፅ በደንብ እንዲሰማ ከጩኸቱ በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ እንደሚገባው የመስኩ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ግድግዳው ሲሚንቶ፥ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ድምፁ እየተመላለሰ ይንጫጫል። በኋለኛው ወንበር የምትቀመጠው ልጅ «አልገባኝም» ስትል፥ አንዳንድ ጊዜ ያልገባት ትምህርቱ ሳይሆን ቃሉ ነው። እኛም መምህራን ይህን ሳናውቅ «ሰነፍ» ብለን እናልፋታለን።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ለተማሪ እንግዲህ ኮምፒዩተር መጫወቻ ሳይሆን ብዕርና ወረቀት እየሆነ ነው። አቧራ የዋጠ ኮምፒዩተር የሚያሰማው ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ይግላል፥ ይዘገያል፥ በመካከሉም ይጠፋል። እኔ 40 ጥያቄ በጠፋብኝ ጊዜ የሆንሁትን አስባለሁ፤ ለመለማመድ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ የሚደርሳት ተማሪ ያች ሰዓት በእጇ ላይ ብትጠፋባት ምን ትሆን?

ስለዚህ እኔና ተማሪዎቼ በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ የጽዳት ቀን አደረግን። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ ኮምፒዩተር ይወስዳሉ፤ ብሩሹንም ፖምፓውንም ከየቤታቸው ያመጣሉ። ፖምፓው በሚነፋበት ጊዜ አቧራው እንዳይጎዳቸው አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። ከአሥሩ አንዱን ብቻ ብናጸዳ ለውጡ አይሰማም ነበር፤ ሁሉም ሲጸዳ ግን ክፍሉ ተለወጠ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን ልጆቹ የመኪናውን ሆድ ከፍተው በማየታቸው ፍርሃታቸው መሄዱ ነው። የፊዚክስ መጽሐፉ ስለ ሙቀት ማስተላለፍ የሚናገረውን፥ በዚያች ቅዳሜ በጣታቸው ዳሰሱት።

የአከራዬ የልጅ ልጅ በመጀመሪያው የጽዳት ቀን ብሩሽ ይዛ ከመጡት አንዷ ነበረች። በዚያው ሳምንት አንድ ማታ እሷ በግድግዳው ማዶ፥ እኔ በዚህኛው በኩል ተቀምጠን እየሠራን ሳለ፥ የመጽሐፏ ገጽ ሲገለበጥ ድምፁ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ሥራዬ መፈጸሙን አወቅሁ።

በማግሥቱ ጧት አከራዬ እንደ ልማዳቸው በር ላይ አገኙኝ።

«መምህር፥ ወፍጮው ቆመ እንዴ? ትናንት አልሰማሁትም።»

«አልቆመም እትዬ፤ ይፈጫል፥ ግን ጠግቧል።»

«እሰየው ልጄ» አሉኝ፤ «የጠገበ አይጮኽም።»